የኢትዮጵያ ምንጮችን በጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ ማጣቀስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዓለም ላይ የታወቁት የማጣቀሻ ደንቦች በአብዛኛው የተዘጋጁት የቤተሰብ ስም ላላቸው ደራስያን፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለታተሙ መጻሕፍትና መለያ ቁጥር ለተሰጣቸው የመጽሔት ጽሑፎች ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በአማርኛ የሚያዘጋጅ ተማሪ ግን በየዕለቱ የሚያጋጥመው በራሱና በአባቱ ስም የሚጠራ ደራሲ፣ በዓመተ ምሕረት የታተመ መጽሐፍ፣ ነጋሪት ጋዜጣ፣ ብራና፣ አንዳንዴም ከአዛውንት አንደበት የተቀዳ ቃል ነው። የሚከተሉት ጥያቄዎች ደንቡና ምንጩ በማይገጥሙበት ቦታ ላይ ዘወትር የሚነሡ ናቸው።

ምንጭ መጥቀስ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከሌላ ሰው የተወሰደ ሐሳብ፣ አኃዝ፣ ሠንጠረዥ፣ ካርታ፣ ፎቶግራፍ ወይም አገላለጽ በጽሑፉ ውስጥ በገባ ቁጥር ነው። የሚጠቀሰው ቃል በቃል የተወሰደው ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ሐሳቡ በራስ አገላለጽ ስለቀረበ ባለቤቱ አይለወጥም። የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መካሄዱን ለመጻፍ ማንንም መጥቀስ አያስፈልግም፤ የተሰለፈው ሠራዊት ይህን ያህል ነበር ለማለት ግን ቁጥሩ ከጸሐፊ ጸሐፊ ስለሚለያይ ምንጩን መናገር ግድ ይሆናል። ነገሩ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻም አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከታተመ ሥራ ላይ ጥቅስ መውሰድን የሚፈቅደው ጥቅሱ ለተፈለገበት ዓላማ ከሚገባው መጠን እስካላለፈና ምንጩ እስከተገለጸ፣ የደራሲው ስም በምንጩ ላይ ካለም ስሙ እስከተጠቀሰ ድረስ ነው።

«አንዳንድ ምሁራን እንደሚሉት» ወይም «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» ብሎ ማለፍ መጥቀስ አይደለም። አንባቢ የትኞቹ ምሁራን፣ የትኞቹስ ጥናቶች ብሎ ቢጠይቅ መልስ ማግኘት አለበት።

ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ራሴ ተርጉሜ የጻፍኩት አንቀጽ የራሴ ሥራ አይደለምን?

አይደለም። በአማርኛ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ በብዛት ከሚታዩት ጉድለቶች ዋነኛው ይህ ሳይሆን አይቀርም። የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት በሚለው ምዕራፍ ውስጥ ሁለትና ሦስት ገጽ ሙሉ ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየተተረጎመ ይሄድና በመጨረሻው አንቀጽ መዝጊያ ላይ አንድ ስምና አንድ ዓመት በቅንፍ ይቀመጣል። አንባቢው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ የተወሰደ ይመስለዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የአጥኚው ትንታኔ ሆኖ ይቆጠራል። ቋንቋ መለወጥ የትርጉም ድካም እንጂ የሐሳብ ባለቤትነት አያስገኝም።

መፍትሔው እንደ ፍላጎቱ ይለያያል። የደራሲው ቃል ራሱ ካስፈለገ ትርጉሙ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ገብቶ የገጽ ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ «ትርጉም የአጥኚው» የሚል ይታከልበታል፤ ክርክሩ በአንዲት አገላለጽ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ቋንቋ ቃል በግርጌ ማስታወሻ ማስቀመጥ አንባቢን ከጥርጣሬ ያድናል። የሚያስፈልገው ሐሳቡ ብቻ ከሆነ መጽሐፉን ከድኖ በራስ አማርኛ መጻፍና ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «እንደ እገሌ ገለጻ» ብሎ ማስታወቅ ይበቃል። ሐሳቡ በሚቀጥለው አንቀጽ ውስጥም ካልተቋረጠ ስሙ እንደገና ይነሣል። መጽሐፉ ቀድሞ በሌላ ሰው ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ከሆነና የተነበበውም ትርጉሙ ከሆነ የሚጠቀሰው ትርጉሙ ነው፤ የተርጓሚው ስምም አይቀርም።

እንዲህ ያለ ትርጉም የተመሳሳይነት መፈተሻ ሶፍትዌር ላያገኘው ይችላል። ያንን ተስፋ አድርጎ የሚጽፍ ሰው የዘነጋው ነገር ቢኖር ገምጋሚው የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው መሆኑን ነው፤ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የመጣ ዓረፍተ ነገር ደግሞ በአማርኛ ልብስ ውስጥ ሆኖም ከሩቅ ይታወቃል።

የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ይገለበጣል ወይ?

አይገለበጥም። በዓለም ላይ የታወቁት የማጣቀሻ ደንቦች፣ ኤፒኤም ሆነ ኤምኤልኤ ወይም ቺካጎ፣ የቤተሰብ ስምን የሚያስቀድሙት ሰውየው የሚታወቀው በዚያ ስም ስለሆነ ነው። ኢትዮጵያዊ ደራሲ ግን የሚታወቀው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ ያለው የአባቱ ስም ነው። «ዘውዴ፣ ባ.» ተብሎ ሲጻፍ መጽሐፉን የጻፉት የታሪክ ተመራማሪው ባሕሩ ዘውዴ ሳይሆኑ አባታቸው ይመስላሉ። ከዚህ የከፋው የሁለት ቃል ስም ሲቆረጥ ነው። የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የራሳቸው ስም «ተክለ ጻድቅ» ሲሆን፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ሁለት ቃል የሆነው የአባታቸው ስም ነው፤ ደንቡን በጭፍን የተከተለ ሰው አንደኛውን «መኩሪያ፣ ተ.ጻ.»፣ ሁለተኛውን «መድኅን፣ ጸ.ገ.» ያደርጋቸዋል። ገብረ፣ ወልደ፣ ተክለ፣ ኃይለ፣ ወለተ የመሳሰሉት ከሚቀጥላቸው ቃል ጋር አንድ ስም ስለሚሆኑ ለብቻቸው አይቆሙም፤ የሚቀጥላቸውም ቃል ለብቻው አይቆምም።

ይህ የአገር ውስጥ ልማድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በጀርመን አገር በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚዘረዝረው በራሳቸው ስም ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የሚያወጣው መጽሔትም ይህንኑ ይከተላል። ስለዚህ አንድ አማካሪ «ኤፒኤ አይፈቅድም» ቢል እነዚህን በማስረጃነት ማቅረብ ይቻላል። የትምህርት ክፍሉ መመሪያ መገልበጥን በግልጽ የሚያዝ ከሆነ መመሪያውን ማክበር ይገባል፤ ግን ስሙ ሙሉውን ይጻፍ፣ በአንድ ፊደል አይተካ፤ አንድ ደራሲም በአንድ ዝርዝር ውስጥ አንዴ በራሱ አንዴ በአባቱ ስም አይቀመጥ። ታደሰ ታምራት ሁለቱም ስማቸው በአንድ ፊደል ስለሚጀምር ከዚህ ጣጣ በከፊል ያመለጡ ደራሲ ናቸው፤ የብዙዎቹ ሥራ ግን በሁለት ቦታ ተበትኖ የሁለት ሰው ሥራ መስሎ ይታያል።

በጽሑፉ ገላ ውስጥ «(ባሕሩ ዘውዴ፣ 2002)» ተብሎ ሁለቱም ስም ቢጻፍ ይሻላል። «(አበበ፣ 2009)» ብቻ ሲባል ስንት አበበ እንዳለ አንባቢ ያውቃል። በውጭ አገር መጽሔቶች ላይ የሚያሳትም ኢትዮጵያዊ አጥኚ ደግሞ ስሙን ገና ከመጀመሪያው በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ቢያጸናና እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረውን ኦርሲድ የተባለውን ባለ 16 አኃዝ የአጥኚዎች መለያ ቢያወጣ ሥራዎቹ በአንድ ላይ ተሰብስበው ይገኙለታል።

ማዕረግስ ይጻፋል?

ዶክተር፣ ፕሮፌሰር፣ አቶ፣ ወይዘሮ የመሳሰሉት በዋቢ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። እንደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያሉ ደራስያን ከማዕረጋቸው ጋር የሚታወቁ በመሆናቸው ማዕረጉ ከስሙ በኋላ በቅንፍ ይቀመጣል፤ የፊደል ተራው ግን የሚወሰነው በ«ኅሩይ» ነው። በጽሑፉ ገላ ውስጥ ስለ ሰውየው በአንቱታ መጻፍ የአማርኛ ወግ ነው፤ የማጣቀሻ ደንብ አይከለክለውም።

ዞተሮ ስሙን እየገለበጠ ያስቸግረኛል። ምን ላድርግ?

ዋቢዎችን በሚያደራጀው ፕሮግራም በዞተሮ ውስጥ ከደራሲ ስም መጻፊያው ጎን ያለችው ትንሽ ምልክት ሲነካ ለሁለት የተከፈለው ሣጥን አንድ ይሆናል። ሙሉ ስሙ እንዳለ እዚያ ሲጻፍ ፕሮግራሙ እንደ ድርጅት ስም ስለሚቆጥረው አይገለብጠውም፣ አያሳጥረውም። ተመሳሳይ ፕሮግራም በሆነው በኢንድኖት ደግሞ ከሙሉ ስሙ መጨረሻ ላይ አንድ የላቲን ኮማ ማስቀመጥ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ሆኖም ፕሮግራሙ ለብዙ ደራስያን ሥራ «እና ሌሎች» ማለት ሲገባው የውጭ ቋንቋ ምሕጻረ ቃል ሊያስገባ ስለሚችል የመጨረሻው ረቂቅ በዓይን መታየት አለበት።

በዓመተ ምሕረት የታተመ መጽሐፍ ዓመቱ ወደ ጎርጎርዮስ ይለወጣል?

ጥናቱ በአማርኛ ከተጻፈ አይለወጥም፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ዓመት እንዳለ ተወስዶ «ዓ.ም.» ይባላል፤ በጎርጎርዮስ የታተመው ደግሞ «እ.ኤ.አ.» ይባላል። በዋቢ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ «ያለ ምልክት የተቀመጡ ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢቀድም በየቦታው ምልክት ከመደርደር ያድናል።

ጥናቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ብዙዎች ስምንት ዓመት ይጨምሩና ያልፋሉ፤ ይህ ትክክል የሚሆነው ከታኅሣሥ 23 ግድም እስከ ጳጉሜን ለታተመው ብቻ ነው። 1996 ዓ.ም. የጀመረው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003፣ ያለቀው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2004 ነው። የመጽሐፉ ወር ካልታወቀ «2004» ብሎ መቁረጥ ያልታወቀን ነገር እንደታወቀ አድርጎ መናገር ስለሚሆን «2003/04» ተብሎ ይጻፋል፤ የኢትዮጵያው ዓመትም በቅንፍ አብሮ ይቀመጣል። በመጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት የያዘ አንባቢ በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ የሚፈልገው 1996ን ነውና። በቀድሞ መጻሕፍት ላይ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ሲገኝ፣ ለምሳሌ ፲፱፻፳፱ ሲባል፣ 1929 ብሎ መጻፍ ይቻላል።

አዋጅና ነጋሪት ጋዜጣ እንዴት ይጠቀሳሉ?

የአዋጁ ሙሉ ርእስ፣ ቁጥሩ፣ የወጣበት ነጋሪት ጋዜጣ ዓመትና ቁጥር፣ ከዚያም አንቀጹ ይጻፋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ቁጥሩ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ በአማርኛው «1152/2011»፣ በእንግሊዝኛው «1152/2019» ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እያቀላቀሉ መጻፍ አንዱን ሕግ ሁለት ያስመስለዋል። ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ ስለሚታተም የትኛውን እንደተጠቀሙ መግለጽም ተገቢ ነው፤ ሁለቱ ሲለያዩ የመጨረሻ ሕጋዊነት ያለው አማርኛው መሆኑን የፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ይደነግጋል። የሕግ ተማሪዎች ይህን ያውቁታል፤ የሌሎች ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎች ግን የእንግሊዝኛውን አንቀጽ መልሰው ወደ አማርኛ ሲተረጉሙ ይታያሉ፤ አማርኛው እዚያው ገጽ ላይ፣ በጎኑ ባለው ዓምድ እያለ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘገባ የሚጠቀሰው በዘገባው ሽፋን ላይ ባለው ስም ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ቢባልም የቀድሞ ዘገባዎቹ በአዲሱ ስም አይጠሩም።

ራሴ ያላየሁትን፣ ሌላ ሰው የጠቀሰውን ምንጭ መጥቀስ እችላለሁ?

የሚቻለው እንዳላዩት እየተናገሩ ነው። ለምሳሌ የካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የ1928 የጣልያንኛ ታሪክ መጽሐፍ በብዙ የኢትዮጵያ ጥናቶች ዋቢ ውስጥ አለ፤ ጣልያንኛ ሳያነብ ከሌላ መጽሐፍ ግርጌ ያገኘው ተማሪ «ኮንቲ ሮሲኒ (እ.ኤ.አ. 1928)» ብሎ ብቻ ቢጽፍ አንብቤዋለሁ ማለቱ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ ያነበበውን መጽሐፍ ደራሲ፣ ዓመትና ገጽ አስቀምጦ «በእገሌ እንደተጠቀሰው» ማለት ነው፤ በዋቢ ዝርዝሩም ውስጥ የሚገባው በእጅ የተያዘው መጽሐፍ ብቻ ነው። ይህ ማፈሪያ አይደለም። ማፈሪያው መካከለኛው ጸሐፊ የገጽ ቁጥር ተሳስቶ ከሆነ ያው ስሕተት በተማሪው ጽሑፍ ውስጥ ቅንጣት ሳይለወጥ ሲገኝ ነው።

መጽሐፉን በቴሌግራም በፒዲኤፍ አገኘሁት፤ የኅትመት ገጹ የለውም። ምን ልጻፍ?

ስካን ተደርገው በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የአማርኛ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ሽፋናቸውና የአሳታሚው ገጽ የተቆረጠ ነው፤ አንዳንዶቹም እንደ አዲስ ተተይበው የገጽ ቁጥራቸው ከታተመው ጋር አይገናኝም። የመጀመሪያው ሥራ የታተመውን ቅጂ በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ወይም በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ፈልጎ ዓመቱን፣ እትሙንና ገጹን ማመሳከር ነው። ሁለተኛው እትም ከመጀመሪያው ተሻሽሎ ሊሆን ስለሚችል እትሙ ቸል አይባልም። የታተመው ቅጂ ጨርሶ ካልተገኘ «ዓመቱ ያልተገለጸ» ተብሎ ይጻፍና ከገጽ ይልቅ ምዕራፉ ይጠቀሳል። የቴሌግራም ቻናል ስም የአሳታሚን ቦታ አይይዝም።

ለጋዜጣ ግን ዕለቱ ግዴታ ነው። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የመጀመሪያ እትሙ የወጣውን አዲስ ዘመንን «አዲስ ዘመን፣ 1933» ብሎ መጥቀስ አንባቢን የዓመቱን ጥራዝ ሁሉ ማስገለጥ ነው።

የብራና ጽሑፍ እንዴት ይጠቀሳል?

የድርሰቱ ስም ብቻ አይበቃም፤ አንድ ገድል በልዩ ልዩ ገዳማት ባሉ ቅጂዎች ይለያያልና። ብራናው ያለበት ቦታ ወይም ቤተ መጻሕፍት፣ መለያ ቁጥሩ፣ የድርሰቱ ስም፣ ቅጠሉና የቅጠሉ ፊት ወይም ጀርባ፣ ጽሑፉ በዓምድ የተከፈለ ከሆነም ዓምዱ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ኢኤምኤምኤል በሚል ምሕጻር የሚጠራ ቁጥር ስላላቸው ቁጥሩን መጥቀስ ቅጂውን በቀጥታ ያመለክታል። ቅዱሳት መጻሕፍት በምዕራፍና በቁጥር ይጠቀሳሉ፤ ሆኖም በግእዙ ዳዊት 22ኛ የሆነው መዝሙር በሌሎች እትሞች 23ኛ ስለሚሆን የትኛው እትም እንደተነበበ አንድ ጊዜ መግለጽ ያስፈልጋል።

ከሽማግሌዎች በቃል ያሰባሰብኩትን መረጃ የት ላስቀምጥ?

በዚህ ላይ ደንቦቹና የአገራችን የጥናት ልማድ ይለያያሉ። ኤፒኤ አንባቢ መልሶ ሊያገኘው የማይችለውን ንግግር በጽሑፉ ገላ ውስጥ ብቻ እንዲጠቀስ፣ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ግን እንዳይገባ ያዛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ደግሞ የመረጃ ሰጪዎች ስም፣ ዕድሜ፣ ቃሉን የሰጡበት ቦታና ቀን ራሱን በቻለ ሠንጠረዥ ሲቀርብ ኖሯል። የሁለተኛው ልማድ ይበልጣል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የአንድ አካባቢ ታሪክ ዋና ምንጭ አዛውንቶቹ በሆኑበት ጥናት እነርሱን በቅንፍ ውስጥ ብቻ ማስቀረት የጥናቱን መሠረት መደበቅ ነው። ሠንጠረዡ ከዋቢ ጽሑፎች ተለይቶ ሲቀርብ ኤፒኤንም አይጻረርም።

በሠንጠረዡ ውስጥ መረጃ ሰጪው ነገሩን በዓይናቸው ያዩት ይሁን ከአባታቸው የሰሙት የሚገልጽ አንድ ዓምድ ቢጨመር ገምጋሚው ያመሰግናል። ቅኔ፣ ቀረርቶ ወይም ተረት ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ የተባለው ሰውና ለአጥኚው ያሰማው ሰው ተለይተው ይጻፋሉ። ለአለቃ ገብረ ሐና የሚሰጡት ቀልዶች ብዛት እንደሚያሳየው ሕዝቡ ያማረውን ሁሉ ለአንድ ታዋቂ ሰው ማስታቀፍ ይወዳል፤ አጥኚ ግን «የአለቃ ነው» ሲል ማን እንደነገረው ማሳየት አለበት።

ስም የሚጻፈው በፈቃድ ብቻ ነው። ግጭት በነበረባቸው አካባቢዎች፣ በጤና ወይም በቤተሰብ ጉዳይ ላይ በሚደረግ ጥናት «መረጃ ሰጪ 07፣ ሴት፣ የ62 ዓመት፣ ጥር 2016 ዓ.ም.» የመሰለ ስያሜ ይበቃል። መንደሩ ትንሽ ከሆነ ዕድሜና ሥራ ብቻ ሰውየውን ስለሚያሳውቁ እነዚህም ይቀነሳሉ።

ቻትጂፒቲ የሰጠኝን ዋቢ መጠቀም እችላለሁ?

ምንጩን ራስዎ ፈልገው ሳያገኙና ሳያነቡ አይቻልም። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በእውን የሚታወቅ ደራሲን ስም ከእውነተኛ መጽሔት ስም ጋር አጣምረው ጨርሶ ያልተጻፈ ጽሑፍ ርእስ፣ ቅጽና ገጽ አሟልተው ያቀርባሉ። የተባለው መጽሔት በተባለው ቅጽ ውስጥ፣ በተባለው ገጽ ላይ ምን እንዳለው ከፍቶ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ለጽሑፉ ዝግጅት ካገለገለ ደግሞ ለምን እንደዋለ በዘዴ ምዕራፉ ውስጥ ይገለጻል፤ የኤፒኤ አዘጋጆችም እ.ኤ.አ. በ2023 የፕሮግራሙ ባለቤት ኩባንያ በደራሲ ቦታ እንዲጻፍ መክረዋል።

በቅንፍ ልጥቀስ ወይስ በግርጌ ማስታወሻ?

የትምህርት ክፍሉ ካዘዘ ያዘዘውን፤ ካላዘዘ ምንጮቹ ይወስኑ። ለታተሙ መጻሕፍትና መጽሔቶች ስምና ዓመት በቅንፍ ይቀላል። ብራና፣ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት መዝገብና ቃለ መጠይቅ የበዛበት ጥናት በቅንፍ ሲጻፍ ዓረፍተ ነገሩ ስለሚታፈን የግርጌ ማስታወሻ ይሻለዋል። በግርጌ «ዝኒ ከማሁ» (ከላይ እንደተጠቀሰው ያው ምንጭ ማለት ነው) መጠቀም ለተመሳሳይ ተከታታይ ምንጭ ጥሩ ነው፤ ሆኖም በረቂቁ መካከል አንድ አዲስ ማስታወሻ ሲገባ ከሥሩ ያለው «ዝኒ ከማሁ» ወደ ሌላ ምንጭ ስለሚዞር እስከ መጨረሻው እርማት ድረስ በአጭር ርእስ መጻፍ ይመረጣል።

ዋቢው በፊደል ተራ ሲደረደር ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ እንዴት ይሁኑ?

ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በራሱ ቦታ ስለሚያስቀምጠው «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ» ተራርቀው ይገኛሉ። የደራሲው ስም በመጽሐፉ ላይ በተጻፈበት ፊደል ይጻፍ፤ ለአጥኚው አጻጻፍ ተብሎ አይታረም። አንድ ደራሲ በሁለት መጻሕፍቱ ላይ ስሙን በሁለት ዓይነት ፊደል አሳትሞ ከሆነ አንደኛው ዋና ሆኖ ሁሉም ሥራዎቹ በሥሩ ይሰበሰባሉ፤ በሌላኛው ቦታ ላይ «ዓለማየሁን ይመልከቱ» የሚል መምሪያ ብቻ ይቀመጣል። የአማርኛና የእንግሊዝኛ ምንጮች በሁለት ዝርዝር ቢለያዩ፣ አማርኛው ቀድሞ እንግሊዝኛው ቢከተል ለአንባቢም ለአርታኢም ይቀላል።